የድሮ ፍላት ቲቪ ለኮምፒውተር ሞኒተር፦ ፊደሉ ለምን ይደበዝዛል?

የጽሕፈት_ሥራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፤ የኮምፒውተር ጽሕፈት እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ሞኒተሬ ሰሞኑን ተበላሸ፣ አዲስ ለመግዛት ደግሞ አሁን አቅሙ የለኝም። ቤት ውስጥ ሥራ የፈታ 32 ኢንች ፍላት ቲቪ አለ። ከጀርባው ሁለት ኤችዲኤምአይ፣ አንድ ቪጂኤ፣ እና የድሮዎቹ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች አሉት። ኮምፒውተሬ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ኤችዲኤምአይ ስለሌለው ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድ ገዝቼ አገናኘሁት።

ምስሉ ወዲያው መጣ። ግን ሦስት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ የስክሪኑ ዳር ዳር ይቆረጣል። የስታርት ምልክቱ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ሁለተኛ፣ ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፣ አመድማ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ፊደሉ ነው። በ12 ስጽፍ ‹ቤ› እና ‹ቢ› አይለዩልኝም። የ‹ቤ› ቀለበት ተደፍኖ ጭረት ይመስላል። ‹ሌ› እና ‹ሊ›ም እንደዚያው። የሰው ስም ያለበት ውል ላይ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፒውተሩ ሪዞሉሽኑ፣ ማለትም የምስሉ ነጥብ ብዛት፣ 1920 በ1080 ነው ይለኛል። ቲቪው ነው የተበላሸው ወይስ የሚስተካከል ነገር አለ?

ኔትወርክ_22፦
እህቴ፣ ቲቪው ጤነኛ ነው። ዳሩን የሚቆርጠው ኦቨርስካን የሚባለው ነገር ነው። በድሮው ባለ ወፍራም ጀርባ ቲቪ የምስሉ ጠርዝ ቀጥ ብሎ አይቆምም ነበር። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ምስሉን ትንሽ አስፍተው ጠርዙን ከፍሬሙ ውጭ ይደብቁት ነበር። ፍላት ከመጣ በኋላም ልማዱ ቀጠለ። ለፊልም ማንም አያስተውለውም፤ ለኮምፒውተር ግን ታስክባሩን ይበላዋል።

ሪሞቱን ያዢና የምስል መጠን የሚለውን ሜኑ ፈልጊ። ‹16 በ9› ከሚለው አጠገብ ሌላ ምርጫ አለ። ሳምሰንግ ላይ ‹ስክሪን ፊት›፣ ኤልጂ ላይ ‹ጀስት ስካን›፣ ሶኒ ላይ ‹ፉል ፒክስል›፣ ሻርፕ ላይ ‹ዶት ባይ ዶት› ይባላል። እሱን ስትመርጪ ዳሩ ይመለሳል። ከኮምፒውተሩ በኩል በኢንቴል ግራፊክስ ሴቲንግ ምስሉን ማጥበብም ይቻላል። እሱን ግን የመጨረሻ አማራጭ አድርጊው። ኮምፒውተሩ ሲያጠብ ቲቪው ደግሞ መልሶ ያሰፋዋል፤ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ባለ_ዲዛይን፦
ስለ ጥቁሩ እኔ ልመልስ። ፊልምና ቴሌቪዥን ጥቁርን የሚጀምሩት ከ0 ሳይሆን ከ16 ነው፣ ነጩም 235 ላይ ያልቃል። ኮምፒውተር ግን ከ0 እስከ 255 ነው የሚሠራው። ኮምፒውተርሽ በኤችዲኤምአይ ሲገናኝ ‹ይሄ ቲቪ ነው› ብሎ በ16 ጀምሮ ይልካል። ቲቪው ደግሞ ከ0 የጀመረ መስሎት ያሳያል። አመድማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኢንቴል ግራፊክስ ውስጥ ‹ኳንታይዜሽን ሬንጅ› የሚል አለ፤ ወደ ‹ፉል› ቀይሪው።

ሌላው ሻርፕነስ ነው። ቲቪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ሻርፕነሳቸው ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ለፊልም ፊቱን ጥርት የሚያደርግ ይመስላል። በፊደል ዙሪያ ግን ነጭ ጥላ ያወጣል። ሳምሰንግ ላይ ወደ 0 አውርጂው። ሶኒ ላይ ግን 50 ነው መሐሉ፣ ከዚያ ሲወርድ ማደብዘዝ ይጀምራል። የሌላ ብራንድ ከሆነ አንድ ገጽ ጽሑፍ ክፈቺና ጥላው እስኪጠፋ ቀስ እያልሽ ቀንሺ። ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ የሚባሉትን ሁሉ አጥፊያቸው። ለጽሑፍ አንዳቸውም አይጠቅሙም።

የጽሕፈት_ሥራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዳሩ መቆረጥና የጥቁሩ ነገር ተስተካከለ። ነጭ ጥላውም ጠፋ። ‹ቤ› ግን አሁንም ‹ቢ› ነው። ፊደሉን 20 አድርጌ እጽፍና ስጨርስ ወደ 12 እመልሰዋለሁ። ገጹ በተለዋወጠ ቁጥር ግን ሥራው እጥፍ ይሆንብኛል።

ቲቪ_ጥገና_ሐዋሳ፦
እስካሁን የተባለው ሁሉ ልክ ነው። የፊደሉ ምክንያት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። እስቲ ረጋ ብለን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር ስለሆነ።

የዚያን ዘመን 32 ኢንች ቲቪ ስክሪኑ ውስጥ ያለው ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ 1366 በ768 ነው። ከፊቱ ‹ኤችዲ ሬዲ› የሚል ከተለጠፈበት፣ የእሱ ትርጉም ቢያንስ 720 መስመር አለው ማለት ነው። ‹ፉል ኤችዲ› የሚለው ነው ሙሉ 1920 በ1080 ያለው። ‹ኤችዲ ሬዲ›ውም ግን 1080 ሲላክለት ይቀበላል። ይቀበልና በራሱ ቺፕ ጨምቆ 768 ውስጥ ይከተዋል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው መቀበሉን ብቻ ነው። ለዚህ ነው 1920 በ1080 ነው ብሎ የሚነግርሽ።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቺ። 1920 ለ1366 ሲካፈል ወደ 1.4 ይሆናል። አንድ ነጥብ ተኩል የሚጠጋው የኮምፒውተር ምስል አንድ የቲቪ ነጥብ ላይ ይጨመቃል። በ12 የተጻፈ የአማርኛ ፊደል ቁመቱ አሥራ ምናምን ነጥብ ነው። በ‹ቤ› ቀለበት ውስጥ ያለችው ቀዳዳ ደግሞ አንድ ነጥብ ናት። ስትጨመቅ ከጎኗ ካለው ጥቁር ጋር ተቀላቅላ ግራጫ ትሆናለች። ቀለበቱ ተደፈነ ያልሽው እሱ ነው። እንግሊዝኛው ያን ያህል አይጎዳም። ‹ኦ› ብትደበዝዝም ‹ኦ› ናት። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው ቅጥያው ላይ ነው፤ ቅጥያው ሲጠፋ ፊደሉ ሌላ ፊደል ይሆናል። ቲቪ ላይ አማርኛ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ይሄን ከሁሉ በፊት ቢያውቅ ጥሩ ነው።

መፍትሔው ከጀርባ ያለችው ቪጂኤ ናት። ኦፕቲፕሌክስሽ የቪጂኤ መውጫ አለው። የተበላሸው ሞኒተር ገመድ በቪጂኤ ከነበረ እሱኑ ተጠቀሚበት፣ ምንም መግዛት የለብሽም። ገመዱን ሰክተሽ በሪሞት ሶርስ ላይ ‹ፒሲ› የሚለውን ምረጪ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ሪዞሉሽኑን 1360 በ768 አድርጊ፣ 60 ኸርትዝ (በሰከንድ 60 ምስል ማለት ነው)። 1366 ለምን አልተባለም ካልሽ፣ በቪጂኤ ዘመን የመስመር ርዝመት የሚቆጠረው በ8 በ8 ነበር። 1360 ለ8 ይካፈላል፣ 1366 አይካፈልም። የሚቀሩት 6 ነጥቦች ዓይንሽ ውስጥ አይገቡም። ብዙዎቹ ቲቪዎች በዚህ ቀዳዳ የሚመጣውን ምስል አይቆርጡትም፣ ሻርፕነስም አይጨምሩበትም፣ ጥቁሩንም አይነኩትም። የመጣውን ነጥብ እንዳለ ያስቀምጡታል።

ፒሲ_ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ቪጂኤ አናሎግ ነው፣ ከ1987 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው። ዲጂታሉን ትታ ወደ አናሎግ ትመለስ ማለት እንዴት ይሆናል? እኔ ከሆንኩ ኤችዲኤምአዩ ላይ እንዳለች ሪዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አወርደዋለሁ።

ቲቪ_ጥገና_ሐዋሳ፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። በ1080 እና ከዚያ በላይ ባለው ስክሪን ላይ ልክ ነህ፤ እዚያ ኤችዲኤምአይ ነው የሚመረጠው። እዚህ ግን የሚወስነው ገመዱ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚልከው ነጥብና ስክሪኑ ላይ ያለው ነጥብ አንድ ለአንድ መገጣጠሙ ነው የሚወስነው። በ768 መስመር ቪጂኤ አጭርና ደህና ገመድ ካገኘ ምንም አያንሰውም። በ1280 በ720 ብትልክ ቲቪው ያንን ወደ 1366 መለጠጥ አለበት። ቀዳዳው አይደፈንም፣ ከ1080ው ይሻላል፤ ግን ጭረቶቹ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆናሉ። አንዳንድ ቲቪ በኤችዲኤምአይም 1360 በ768 ይቀበላል። ዊንዶውስ ዝርዝሩ ውስጥ ካሳያት መጀመሪያ እሱን ትሞክር። ካላሳያት ቪጂኤ።

ከመሰካትሽ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፣ እህቴ። ቲቪው ላይ የዲሽ ሪሲቨር ካለ ቀድመሽ አለያዪው። ቲቪውንም ኮምፒውተሩንም ከሶኬት ንቀይና ከዚያ ገመዱን ስኪ። ቤታችን ውስጥ አርዝ ያልተሠራላቸው ሶኬቶች ብዙ ናቸው። ጣራ ላይ ካለው ዲሽ በገመዱ የሚመጣው ኤሌክትሪክና በኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ ያለው ሲለያይ፣ በመሰኪያው ጊዜ ብልጭ ብሎ ቀዳዳውን ያቃጥላል። ወደ እኔ የሚመጡት የኤችዲኤምአይ ብልሽቶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ አብሪያቸው። ስታብላይዘር ካለሽ ሁለቱም በእሱ በኩል ይሁኑ።

ጌመር_ጅማ፦
በዚህ አጋጣሚ ልጠይቅ። የእኔ 43 ኢንች ፎርኬ (3840 በ2160) ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ጊዜ የወጣ። ፒሲ ላይ ማውዙ ይንገጫገጫል። ፊደሉ ጥሩ ነው፣ ቀይ ጽሑፍ ብቻ ይፈርሳል።

ባለ_ዲዛይን፦
ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንገጫገጩ 30 ኸርትዝ ላይ ስለሆነ ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎርኬን ከ30 በላይ አይችልም። 60 የመጣው በ2.0 ነው፣ እሱም በ2013 ነው የወጣው። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ብቻ 2.0 ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም ሞክራቸው። አንዳንዱ ቲቪ ላይ ደግሞ ቀዳዳው ቢኖርም ከሜኑ ካልተከፈተ አይሠራም። ኤልጂ ላይ ‹አልትራ ኤችዲ ዲፕ ከለር›፣ ሳምሰንግ ላይ ‹ኤችዲኤምአይ ዩኤችዲ ከለር› ይባላል። የኮምፒውተሩ ግራፊክስም 2.0 መደገፍ አለበት። ካልሆነ ወደ 1920 በ1080 አውርደው። ፎርኬ በሁለቱም በኩል የ1080 እጥፍ ስለሆነ አንዱ ነጥብ አራት ሆኖ በልኩ ይገጥማል።

ቀዩ የሚፈርሰው ቲቪው ቀለሙን ስለሚቆጥብ ነው። ለፊልም ሲባል ብርሃኑ በየነጥቡ ይያዛል፣ ቀለሙ ግን ለብዙ ነጥብ በጋራ ይሰጣል። ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ላይ ብዙም አይጎዳም። ቀይ በሰማያዊ ላይ ግን ይበላሻል። ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ኤችዲኤምአይ ሜኑ ውስጥ ገብተህ ስሙን ‹ፒሲ› በለው። ሳምሰንግና ኤልጂ ላይ ስሙን መለወጥ ብቻ አሠራሩን ይለውጠዋል። ጌም ስትጫወት ደግሞ ‹ጌም ሞድ› አድርገው። የድሮ ቲቪ ምስሉን እያስዋበ ሲቆይ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል። ተኩሰህ ጥይቱ ቆይቶ የሚወጣ የሚመስልህ ለዚህ ነው።

የጽሕፈት_ሥራ፦
ቪጂኤውን ሰካሁ፣ 1360 በ768 አደረግሁ። ‹ቤ› ቀለበቷ ተከፈተ! ‹ሌ›ም፣ ‹ኔ›ም፣ ሁሉም። ተባረኩ። አንድ ነገር ብቻ፣ ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሄዱ ሰፋ ሰፋ ያሉ ደብዘዝ ያሉ ቦታዎች አሉ። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ፊደል ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ቲቪ_ጥገና_ሐዋሳ፦
በጣም ደስ ይላል። እሱ የአናሎግ ጠባይ ነው፣ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ነጥቦቹን በሚልክበት ፍጥነትና ቲቪው በሚያነብበት ፍጥነት መሐል ትንሽ መዛነፍ አለ። የቲቪው ሜኑ ውስጥ ‹ኦቶ አድጀስት› የሚል አለ። እሱን ከመጫንሽ በፊት ባዶ ነጭ ገጽ ስክሪኑን ሙሉ ክፈቺ። ቲቪው የምስሉን ጫፍ የሚያገኘው ከብርሃኑ ነው። ጥቁር የዴስክቶፕ ሥዕል ካለ ጫፉን ይስትና ምስሉን ወደ ጎን ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ጽሑፍ የሞላበት ገጽ ክፈቺ። ደብዛዛው ቦታ ካልጠፋ ‹ኮርስ› የሚለውን አንድ አንድ እያልሽ ነካኪ፣ ቦታዎቹ እየሰፉ ሄደው ይጠፋሉ። ከዚያ ‹ፋይን› የሚለውን ፊደሉ እስኪቆም። ቲቪው አንዴ ከያዘው አይረሳውም።

ድምፅ በቪጂኤ አይመጣም። ከቪጂኤው አጠገብ የጆሮ ማዳመጫ የሚመስል ‹ፒሲ ኦዲዮ› ቀዳዳ አለ፤ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ገመድ ይበቃዋል።

ባለ_ዲዛይን፦
ጽሕፈት ስለሆነ ሥራሽ፣ ስለ ፊደሉ ቅርጽም ልጨምር። ኒያላ የሚባለው ፎንት ጭረቱ ቀጭን ነው። ወረቀት ላይ ያምራል፣ እንደዚህ ባለ ስክሪን ላይ ግን ይሳሳል። ኢብሪማና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባሉት ፎንቶች ጭረታቸው እኩልና ወፈር ያለ ነው፣ ስክሪን ላይ በደንብ ይነበባሉ። ዊንዶውስ 8ና ከዚያ በኋላ ከሆነ ኢብሪማ ውስጡ አለ። በዩኒኮድ፣ ማለትም ፎንት ቢቀየርም ፊደሉ በማይለወጥበት አጻጻፍ፣ የምትጽፊ ከሆነ በኢብሪማ ጽፈሽ ስትጨርሺ ደንበኛው ወደሚፈልገው ቀይሪው። ገጹ ግን ስለሚንቀሳቀስ የመጨረሻውን እርማት ከቀየርሽ በኋላ አድርጊ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ከሆነ ግን ፎንቱን አትንኪው፤ ዩኒኮድ ስላልሆነ ጽሑፉ ሌላ ነገር ይሆናል።

ፊደሉን 20 ማድረጉንም ተዪው። ዎርድ ላይ ኮንትሮልን ይዘሽ የማውዙን ጎማ ወደ ላይ አዙሪ። ዙሙን 140 ብታደርጊው ፊደሉ ዓይንሽ ላይ ይተልቃል፣ ወረቀቱ ግን 12 እንደሆነ ይቀራል። ‹ክሊርታይፕ› የሚለውን ዊንዶውስ ውስጥ ፈልገሽ አንዴ እለፊበት። የቲቪ ስክሪን የቀይና የሰማያዊ አቀማመጡ ከሞኒተር ሊገለበጥ ይችላል። የትኛው ጽሑፍ ይሻላል እያለ ሲጠይቅሽ ያንን ነው የሚያስተካክለው።

መምህር_ወልዲያ፦
እኔ የምጨነቀው ለዓይኗ ነው። 32 ኢንች ነገር በክንድ ርቀት ላይ ቀኑን ሙሉ!

ኔትወርክ_22፦
ልክ ነዎት መምህር። 32 ኢንች ላይ 1366 ሲሆን እያንዳንዷ ነጥብ ግማሽ ሚሊሜትር ታህላለች። ጤነኛ ዓይን ነጥቧን ለይቶ ማየት የሚያቆመው ወደ 1.8 ሜትር አካባቢ ነው። 24 ኢንች ሞኒተር በ1080 ቢሆን አንድ ሜትር ሳይሞላ ያልቃል። 1.8 ሜትር ርቆ መጻፍ አይቻልም፤ ግን ቲቪውን ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛውን ወደ ራስ መሳብ ይቻላል። ከ1.2 ሜትር በታች ባይሆን ጥሩ ነው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን በላይ አይሁን፤ አንገት ይጎዳል።

ብርሃኑን ደግሞ ቀንሺ፣ እህቴ። ቲቪ የሚሠራው ከሩቅ እንዲታይ ነው። ‹ዳይናሚክ› የሚለውን ሞድ ትተሽ ‹ሙቪ› ወይም ‹ስታንዳርድ› አድርጊና ‹ባክላይት› የሚለውን አውርጂ። ለዓይንም ለቆጣሪም ይጠቅማል።

ቲቪ_ጥገና_ሐዋሳ፦
ስለ ቆጣሪ ከተነሳ፣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ኤልኢዲ ከመምጣቱ በፊት የነበረው 32 ኢንች ከ100 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። 120 ዋት ቢሆን በቀን 8 ሰዓት ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። 22 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር 25 ዋት አካባቢ ነው፣ በቀን 0.2 ብቻ። ለወር ሲደመር ይታያል። ስለዚህ ለጊዜው ተጠቀሚበት፣ አቅሙ ሲገኝ ግን ያገለገለም ቢሆን 1920 በ1080 ሞኒተር ግዢ። ቀኑን ሙሉ ፊደል ለሚያይ ሰው ቲቪ ቋሚ መፍትሔ አይደለም። ለፊልም፣ ለቪዲዮ ትምህርት፣ ለዙም ስብሰባ ቢሆን ይሄን አልልሽም ነበር።

ተማሪ_አርባምንጭ፦
እኔ ያለኝ ያ ጀርባው ወፍራም የድሮ ቲቪ ነው። ኤችዲኤምአይን ወደ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን አይቻለሁ። ለኮዲንግ ይሆነኛል?

ቲቪ_ጥገና_ሐዋሳ፦
አይሆንህም ወንድሜ፣ ብርህን አታውጣ። እንደዚያ ያለው ቲቪ ፓል በሚባለው የድሮ የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚያሳየው 576 መስመር ነው፤ እሱንም ግማሽ ግማሹን እያፈራረቀ። በቢጫው ገመድ ደግሞ ቀለሙና ብርሃኑ አብረው ስለሚመጡ ይደባለቃሉ። ለፊልም ይሠራል፣ ለኮድ ግን መስመሩን አታነበውም። የ1982ቱ የቤት ኮምፒውተሮች ዜድኤክስ ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 ከቤት ቲቪ ጋር ነበር የሚገናኙት። ግን ለዚያው ተብለው የተሠሩ ናቸው። ስፔክትረም በአንድ መስመር 32 ፊደል ብቻ፣ ኮሞዶር 40 ነበር የሚጽፉት። የዛሬው የኮድ መጻፊያ ከ80 በላይ ይፈልጋል።

ሌላም ልንገርህ። ያንን ቲቪ ራስህ እንዳትከፍተው። ቱቦው ከ20,000 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ይቆያል።

ቨርጂኒያ_ነዋሪ፦
ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ቤቴ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ቲቪ ቁጭ ብሏል። ለእህቴ ልጅ ለሞኒተር እንዲሆነው ወደ አዲስ አበባ ልልከው አስቤያለሁ። የአሜሪካ ቲቪ አይሠራም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

ቲቪ_ጥገና_ሐዋሳ፦
ከጀርባው የተለጠፈውን ያንብቡ። ‹100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርትዝ› ካለ ያለ ምንም ነገር ይሠራል፤ መሰኪያውን መቀየር ብቻ ነው። ‹120 ቮልት› ብቻ ካለ በእኛ 220 ላይ ወዲያው ይቃጠላል። መቀነሻ ትራንስፎርመር ካልተገዛለት አይላኩት። አይሠራም የሚባለው የጣቢያ መቀበያው ነው፣ የአሜሪካው ከእኛ ጋር አይገጥምም። ለኮምፒውተር ግን መቀበያው አያስፈልግም። ከላኩት ስክሪኑ ወደ ሻንጣው መሐል ዞሮ፣ ፊቱ ላይ ጠፍጣፋ ካርቶን ተደርጎበት፣ በልብስ መሐል ቆሞ ይምጣ። ተኝቶ ሌላ ሻንጣ ከተጫነበት ፓነሉ ይሰነጠቃል፤ ፓነል ደግሞ አይጠገንም። ሪሞቱንም አብረው ይላኩለት፤ ‹ጀስት ስካን›ም ሆነ ‹ፒሲ› የሚባለው ሁሉ ያለ ሪሞት አይገኝም።